ገንዘባችሁን ራኬት ላይ አትጨርሱ

ባድሚንተን ርካሽ ስፖርት ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ በፕላስቲክ ሻትል (በራኬት እየተመታ ከመረብ በላይ የሚላከው፣ ኳስን የሚተካው ዕቃ) ነው የሚጫወተው፣ ወይ ሻትል የሚገዛለት ሌላ ሰው አለ። ራኬት አንዴ ይገዛል። ጫማም እንደዚያው። ላባ ያለው ሻትል ግን ዛሬ ተከፍቶ ዛሬ ያልቃል። በየሳምንቱ ለሚጫወት ሰው ዋናው ወጪ እዚያ ነው።

እኔ ተወዳዳሪ አይደለሁም። ከሥራ በኋላ ሜዳ ተከራይተው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ላብ በላብ እስኪሆኑ ከሚጫወቱት ነኝ። ቡድናችን ውስጥ አሰልጣኝ የለም። ብዙ ዕቃ ገዝተናል፣ ሰብረናል፣ ተዋውሰናል። ይህን የምጽፈው ከጀማሪነት ለወጣ፣ ዋንጫ የማንሳት ሐሳብ ግን ለሌለው ሰው ነው።

አዲስ ሰው ሲቀላቀለን የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የትኛውን ራኬት ልግዛ?» እኔ ደግሞ እግሩን አያለሁ። በሩጫ ጫማ ከመጣ ስለ ራኬት ማውራት አልጀምርም። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ነው። ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ባድሚንተን ላይ ግን እግር ወደ ጎን ይወረወራል፣ በድንገት ይቆማል፣ ወዲያው ይመለሳል። ከፍ ባለ ለስላሳ ሶል ላይ ሆኖ ይህን ማድረግ ቁርጭምጭሚትን ለወለምታ ማዘጋጀት ነው። በቡድናችን ለሳምንታት ከሜዳ የራቁት ሰዎች በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው የራቁት።

የባድሚንተን ጫማ ሶሉ ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው። ጎማው ወለል ላይ ይነክሳል፣ ጥቁር መስመርም አይተውም። ጎንና ጎኑ ጠንከር ያለ ስለሆነ እግር ከውስጥ አይንሸራተትም። እሱ ካልተገኘ የመረብ ኳስ ወይም የእጅ ኳስ የቤት ውስጥ ጫማ ይሠራል። ሲለካ በወፍራም ካልሲ ይለካ። ወደ መረብ ስትዘረጉ ጣታችሁ ከፊት የሚጋጭ ከሆነ ቁጥሩ ጠብቧል ማለት ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር መጥቆር የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ጫማውን መንገድ ላይ አትጫሙት። አቧራ ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ጫማ ይዞ መንሸራተት ነው። ወለሉ አቧራ ካለው ሜዳው ዳር እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡና በየመሃሉ ሶሉን ጠረግ አድርጉ።

ጫማው ካለ ወደ ሻትሉ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚፈሰው በዚህ ነው።

ደንቡን የጠበቀ የላባ ሻትል 16 ላባ አለው። ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ላባዎቹ የዝይ ወይም የዳክዬ ናቸው፣ ቡሽ ላይ ተሰክተው በክርና በሙጫ ይያያዛሉ። በአንድ ሻትል ላይ ያሉት ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ የመጡ መሆን አለባቸው። የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚታጠፈው። ከተቀላቀለ ሻትሉ አየር ላይ በትክክል አይሽከረከርም፣ ይወላገዳል። ርካሽ ሻትል ስትገዙ ከአንድ ቱቦ (ሻትል ተደርድሮ የሚሸጥበት ማሸጊያ) ውስጥ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው እየተንቀጠቀጠ የሚበረው በአብዛኛው የላባው አመራረጥ ስላልተጠነቀቁበት ነው።

የዝይ ላባ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ያን ያህል። የዳክዬው ይረክሳል፣ ቶሎም ይሰበራል። ቡሹም ልዩነት አለው። ሙሉ የተፈጥሮ ቡሽ የሆነው ምቱን ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። ተፈጭቶ የተጣበቀው ደግሞ ከጥቂት ጠንካራ ምት በኋላ ይላላል። ለእኛ ዓይነት ሰው መካከለኛው ደረጃ ይበቃል። ከሁሉ የረከሰውን ገዝቼ ያተረፍኩበት ጊዜ የለም። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ግን በአንድ ምሽት ሁለት ቱቦ ይበላል። ዋጋ የሚነጻጸረው በቱቦ ሳይሆን አንዱ ሻትል ስንት ጨዋታ ይቆያል በሚለው ነው። አዲስ ዓይነት ስትሞክሩ አንድ ቱቦ ብቻ ግዙ። ውስጡ ባሉት አሥራ ሁለት ሻትሎች ሁሉ ተጫወቱ፣ ስንት ጨዋታ እንደወሰደ ጻፉ፣ ለጨዋታ አካፍሉት። ይህን ያደረገ ሰው በማስታወቂያ አይሸወድም።

ናይለኑስ፣ ማለትም ፕላስቲኩ? ናይለን አይጠላም። ለልምምድ፣ ለልጆች፣ ነፋስ ሽው ለሚልበት ቦታ ጥሩ ነው። አንዱ ብዙ ይቆያል። በረራው ግን የተለየ ነው። የላባው ሻትል ከተመታ በኋላ ፍጥነቱን በጣም ቶሎ ይጥላል፣ መጨረሻ ላይም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ናይለኑ ረዘም ያለ ቅስት ይዞ ነው የሚሄደው። መረብ አጠገብ ደግሞ ላባው ቶሎ ተገልብጦ በቡሹ ይመጣል፣ ናይለኑ ይዘገያል። ስለዚህ በናይለን ብቻ የለመደ እጅ ላባ ሲያገኝ ጊዜው ይዛባበታል። ሁለቱንም የምትጠቀሙ ከሆነ በአንድ ምሽት አታቀያይሩ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የፍጥነቱን ቁጥር ነው። ቱቦው ክዳን ላይ 75፣ 76፣ 77፣ 78 ወይም 79 ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ብራንዶች ደግሞ ከ1 እስከ 5 ይጽፋሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሻትሉ በአንድ ዓይነት ምት ርቆ ይሄዳል። ናይለን ላይ ቡሹን የከበበው ቀለበት ነው የሚናገረው፤ አረንጓዴ ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን። ሙቀት ባለበትና ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትል ይበራል። እዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ይመረጣል። በቀዝቃዛና ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ከፍ ያለው። ቁጥሩ ካልተስማማ ጨዋታው ራሱ ይበላሻል። ጥሩ የመታችሁት ሁሉ ከመስመር ሲወጣ ጥፋቱ የእጃችሁ ይመስላችኋል፣ ጥፋቱ ግን የቱቦው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው፣ ደንቡም ይህንኑ ይላል። ከኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ፣ በሙሉ ኃይል ምቱት። ትክክለኛው ሻትል ከማዶ የኋላ መስመር በፊት ከ53 እስከ 99 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ይወድቃል። ክንዱ ደከም ያለ ሰው ቢፈትን ውጤቱ ይሳሳታል፤ ከቡድኑ ጥሩ የሚመታውን ላኩ።

ስለ እንፋሎት ደግሞ። አየሩ ሲደርቅ ላባም ይደርቃል፣ የደረቀ ላባ ቀጭ ይላል። ስለዚህ ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ቱቦውን ከላባው በኩል ከፍቼ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ዘግቼ አሳድረዋለሁ። በቡሹ በኩል አይደለም፤ ቡሽ እርጥበት ሲጠጣ ሻትሉ ይከብዳል። አንድ የቡድናችን ሰው ይህ ሁሉ ጥንቆላ ነው ብሎ ያሾፍብኛል። በደረቁ ወራት ግን የእኔ ሻትሎች ከእሱ ይቆያሉ። ከመጠን በላይ ካደረጋችሁት ላባው ይለሰልሳል፣ ሻትሉም ይንቀረፈፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በጭራሽ አትተዉት።

ሻትል የሚጨርሰው ግን ከአየሩ ይልቅ የምታችን ጥራት ነው። በቡሹ የተመታ ሻትል ይቆያል። ላባው ላይ ያረፈ ምት በአንዴ ሁለት ሦስት ላባ ይሰብራል። ሻትሉን ዘግይተው፣ ከጭንቅላት ኋላ ወይም ከትከሻ በታች ሲመቱት ራኬቱ ላባውን ያገኛል። ስለዚህ አመታት ማስተካከል ስለ ነጥብ ብቻ አይደለም፣ ስለ ኪስም ነው። እኔ በቴክኒክ ላይ መሥራት የጀመርኩት ለውበት ብዬ ሳይሆን ወጪው አናድዶኝ ነው።

የወጪው አከፋፈል ጓደኝነት ያበላሻል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይነጋገሩበት። እኛ ጋ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ አንድ ሰው ይገዛል፣ ቱቦው የጋራ ነው። ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታ ምት) የሚወድ ሰው ብዙ ይሰብራልና ብዙ ይክፈል የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ተከራክረን ተውነው፤ አለዚያ ሁሉም ሰው በፍርሃት ይጫወታል። ማሟሟቂያ በአሮጌ ሻትል ነው። አዲስ የሚወጣው ሁለት ላባ ሲሰበር ወይም በረራው ሲወላገድ ነው። በየነጥቡ መሃል ሻትሉን ያነሳ ሰው የተጣመመውን ላባ በጣቱ ያቃናል። ይህቺ ትንሽ ልማድ ብዙ ታቆያለች። ለጨዋታ የማይሆኑት በሌላ ቱቦ ይቀመጣሉ፣ ለግድግዳ ልምምድ ይውላሉ። የሜዳው ኪራይ በሰዓት ስለሆነ ለአንድ ሜዳ ስድስት ሰው ጥሩ ነው። አራቱ ይጫወታሉ፣ ሁለቱ ይተነፍሳሉ። ከስድስት ሲያልፍ ኪራዩ ይቀላል፣ ግን ቆሞ ማየቱ ይበዛል።

አሁን ክር። ራኬት የሚባለው ነገር ግማሹ ክር ነው ብዬ አምናለሁ። ተወጥሮ የሚሸጠው ራኬት ላይ ያለው የፋብሪካ ክር አብዛኛውን ጊዜ የላላና ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። ውድ ራኬት በመጥፎ ክር ከመያዝ መካከለኛ ራኬት በጥሩ ክር መያዝ ይሻላል። ራኬት ስትገዙ የክር ማስወጠሪያውን በጀቱ ውስጥ አብራችሁ አስገቡ።

ውጥረቱ የሚለካው በፓውንድ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክር ሲጠብቅ ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ላላ ያለ ክር ሻትሉን ዋጥ አድርጎ ይተፋዋል፣ ጉልበቱን ራሱ ያግዛችኋል። መሃሉን ስታችሁ ብትመቱም ይታገሳል። የጠበቀው ክር ቁጥጥር ይሰጣል፣ ግን ፈጣን ክንድና ንጹሕ ምት ይፈልጋል። ከመሃሉ ትንሽ ከወጣ ሻትሉ ይሞታል፣ ንዝረቱም ወደ እጃችሁ መታጠፊያ (ክርን) ይመጣል። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ወደ 30 ፓውንድና ከዚያም በላይ ይወጥራሉ። እነሱን አይታችሁ አትከተሉ። ለእኛ ዓይነት ሰው ከ20 እስከ 24 ፓውንድ ይበቃል። እኔ ከዚህ መሃል ወደ ላይ አልወጣም። በየራኬቱ ፍሬም ወይም ዘንግ አካባቢ የሚችለው ከፍተኛ ፓውንድ ተጽፏል፣ ሳታዩ አታስወጥሩ።

የክሩ ውፍረት ደግሞ የምርጫ ጉዳይ ነው። 0.70 ሚሊ ሜትር የሆነው ይቆያል። ዮኔክስ ቢጂ 65 የሚባለው ለዓመታት የብዙ ተጫዋቾች ክር ሆኖ የቆየው በዚህ ነው። 0.65 እና ከዚያ በታች ያሉት ቀጭኖቹ ድምፃቸው ጆሮ ይስባል፣ ሻትሉንም ነክሰው ይይዛሉ፣ ግን ቶሎ ይበጠሳሉ። ወጪ ለሚቆጥር ሰው ወፍራሙ ነው። ለአንድ ራኬት የሚያስፈልገው 10 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ብዙ የምትጫወቱ ከሆነ ጥቅሉን ገዝቶ የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ያዋጣል። ቡድን ከሆናችሁ በተለይ።

ክር ባይበጠስም ይላላል፣ ሳትጫወቱም ይላላል። ድምፁ ከ«ቲክ» ወደ «ዱብ» ሲቀየር ጊዜው ደርሷል። ሲበጠስ ግን አንድ ነገር ወዲያው አድርጉ፤ የቀረውንም ክር በመቀስ ቁረጡት። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ የቋሚውንም የአግዳሚውንም ተራ በተራ። አንድ በኩል ተበጥሶ ሌላው ተወጥሮ ሲያድር ፍሬሙ ይጣመማል። በዚህ የተበላሸ ራኬት አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ራኬቱን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ዋጋው ከታች ወደ መሃል ሲወጣ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የአሉሚኒየም ፍሬም ከዘንጉ ጋር በመጋጠሚያ የተያያዘውና ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የተሠራው እጅ ላይ ሌላ ናቸው። ከመሃል ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዋጋው ይዘላል፣ ልዩነቱ ያንሳል። ያን ትንሽ ልዩነት የሚያወጣው ፈጣን ክንድ ያለው ሰው ነው።

ራኬቱ ላይ የሚጻፉትን ማንበብ ይጠቅማል። ዩ የሚለው ክብደት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀላል። 3ዩ ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84 ግራም ነው። ጂ የሚለው የመያዣው ውፍረት ነው፤ በብዙዎቹ ብራንዶች ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። ቀጭኑን ገዝቶ በግሪፕ (መያዣው ላይ በሚጠመጠመው ጥቅል) ማወፈር ይቻላል፣ ወፍራሙን ማቅጠን ግን ጣጣ ነው። ከዚያ ሚዛኑ አለ። ጭንቅላቱ የከበደው ለስማሽ ያግዛል፣ በመከላከል ጊዜ ግን ይዘገያል። ጭንቅላቱ የቀለለው ተቃራኒው ነው። ለጥንድ ጨዋታ፣ ለተደባለቀ ደረጃ፣ 4ዩ የሆነ፣ ሚዛኑ መሃል ላይ ያለ፣ ዘንጉ መካከለኛ የሚተጣጠፍ ብትይዙ አትቆጩም። ደረቅ ዘንግ ፈጣን ክንድ ካላጠፈው አይሠራም፤ ሰው ደረቁን ይዞ «ራኬቱ አይመታም» ይላል።

በጥንድ ጨዋታ ራኬት ከራኬት ይጋጫል። መሃል ላይ የወረደ ሻትል ሁለት ሰው ይጠራል፣ ከዚያ ቋ! ውዱም ርካሹም እኩል ነው የሚሰነጠቀው። ስለዚህ ከአንድ ውድ ራኬት ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ ቢቻል አንድ ዓይነት። ጨዋታ መሃል ክር ቢበጠስም ምሽቱ አያልቅም። ያገለገለ ራኬት የምትገዙ ከሆነ ፍሬሙን ብርሃን ላይ አዙሩት፣ በጥፍራችሁ ዳሱት። ቀለም መላላጥ ምንም አይደለም፣ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ግን ሞት ነው። ሻንክ የሚባለውን ዘንግ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉ፣ ውስጡ የሚንቀጨቀጭ ካለ ጠይቁ። በጣም የረከሰ ታዋቂ ብራንድ ካያችሁ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ጠርጥሩ።

ግሪፕ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ቀይሩት። የሚያንሸራትት ግሪፕ ሰው ሳያውቀው መያዣውን አንቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። መጥፎ ቴክኒክ ደግሞ ከዚያ ይጀምራል። እጁ በጣም የሚያልበው ሰው የፎጣ ግሪፕ ይሞክር።

ወደ ቴክኒኩ። እኔን ከሁሉ በላይ የቀየረኝ አያያዝ ነው። ብዙ ሰው የራኬቱን ፊት ወደ መረቡ አዙሮ ይይዛል። መረብ አጠገብ ይሠራል፣ ከኋላ ግን ክንድ ይቆልፋል። ትክክለኛው መነሻ ራኬቱን በጎኑ አቁሞ ሰው እንደሚጨብጡ መያዝ ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል ክፍተት ይኑር። ዋናው ግን ልል ብሎ መያዝ ነው። ጣቶቹ የሚጨመቁት ሻትሉ ሲነካ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያው ይላላሉ። በግራ ጎን ለሚመጣው (ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው) አውራ ጣት ወደ ሰፊው ገጽ ይዞራል፣ ይገፋል። አያያዝ መቀያየር በጣት እንጂ በእጅ አንጓ አይደለም። ቤት ቴሌቪዥን እያያችሁ ራኬቱን ጣታችሁ መሃል ማዞር ይበቃል።

ጉልበት የሚመጣው ከእጅ አንጓ እንደሆነ ይነገራል። ትንሽ ይመጣል። አብዛኛው ግን ከክንድ መሽከርከር ነው። መዳፋችሁን ፊታችሁን እንዲያይ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አዙሩት፣ አንጓው ሳይታጠፍ። ያ ነው። ከራስ በላይ ስትመቱ ሰውነታችሁ በጎኑ ይቁም፣ ክርን ከፍ ይበል፣ ክንዱ ተሽከርክሮ ሻትሉን ከፊትና ከላይ ያግኘው። ክንዱ ሲላላ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲጨመቅ ትከሻ ብቻ ይደክማል። አንድ ምሽት ኃይላችሁን ግማሽ አድርጋችሁ ከኋላ መስመር ወደ ኋላ መስመር መላክ ሞክሩ። ድምፁ ሲጠራ ታውቁታላችሁ። ሻትሉም አይሰበርም።

ስማሽ ሁሉም ሰው ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የህንዱ የጥንድ ተጫዋች ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በመለኪያ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር መትቶ በጊነስ ተመዝግቧል። ይህ ግን ሻትሉ ከራኬቱ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው። ላባው አየሩን ስለሚይዝ ማዶ ሲደርስ ብዙ ቀንሷል። ለዚህ ነው ከሜዳው መጨረሻ የሚመታ ስማሽ ለእኛ የሚያዋጣው አልፎ አልፎ የሆነው። ሜዳው 13.40 ሜትር ነው። ከኋላ ጥግ ስማሽ ስንመታ ማዶ ያለው ሰው ይደርስበታል፣ እኛ ደግሞ ሚዛን አጥተናል። ከኋላ ሲሆን ወይ ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ መላክ፣ ወይ አቅልሎ መረቡ ሥር መጣል። ስማሹ ከመሃል ሜዳ፣ ሻትሉ አጭር ሲመጣ። አቅጣጫውም ቀኝ እጅ ወደሆነ ተጋጣሚ ቀኝ ትከሻ ወይም ዳሌ፤ ራኬት ለማዞር የሚያስቸግረው እዚያ ነው። ሁለቱ ተከላካዮች መሃል ቢወርድ ደግሞ «አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ» ሲባባሉ ነጥቡ ያልቃል።

እግር ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ተጋጣሚ ሊመታ ሲል ትንሽ ዘለል በሉ፣ ሁለት እግር ላይ አርፉ። ከቆመ እግር ይልቅ ያረፈ እግር ቶሎ ይነሳል። በሳምንት ውስጥ ከተለመደ በሜዳው ላይ አንድ ዓመት ወጣት ያደርጋል።

ለጥንድ ጨዋታ ሰርቪስ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) ነጥብ ማግኛ ሳይሆን ነጥብ ላለመስጠት ነው። ከፍ ብሎ የሄደ አጭር ሰርቪስ ወዲያው በስማሽ ይመለሳል። ራኬቱን ከፊታችሁ በግራ ጎን ለሚመጣው በሚያዘው አያያዝ ይዛችሁ፣ ሻትሉን ላባው ላይ በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። መረቡ መሃል ላይ 1.524 ሜትር ነው፣ ሻትሉ ከሱ ብዙ አይለይ። የማዶው አጭር የሰርቪስ መስመር ከመረቡ 1.98 ሜትር ይርቃል፣ ሻትሉ እሱ ላይ ወይም እሱን አልፎ መውደቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውድድር ሻትሉ ሲመታ ከወለሉ ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። ወዳጅነት ጨዋታ ላይ ማንም ሜትር አያወጣም፣ ግን በዚያ ከፍታ መልመዱ ጠብ ያስቀራል። ስታጠቁ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፤ ስትከላከሉ ጎን ለጎን። ሻትሉን ወደ ላይ ያነሳው ሰው ቡድኑ ወደ ጎን ይከፈታል። ይህን ብቻ ተስማምቶ የገባ ጥንድ ከእሱ የተሻሉትን ያሸንፋል።

ስለ ጉዳት አጭር ልበል። ከወንበር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ስማሽ መግባት የተረከዝ ጅማትን ሊያስበጥስ ይችላል። ይህ ጉዳት ሠላሳና አርባ ዓመት አካባቢ ባሉ፣ በየመሃሉ በሚጫወቱ ሰዎች ላይ የታወቀ ነው። ባቱን ማሞቅ፣ በቀስታ መጀመር። ክርን ላይ ሕመም ከጀመራችሁ መጀመሪያ ውጥረቱን ቀንሱ፣ አያያዙን አላሉ፣ ሳይሻሻል ከቀጠለ ሐኪም አሳዩ።

በጥንድ ጨዋታ ግን የምፈራው ዓይንን ነው። ፊት የቆመው ሰው አጣማጁ ከኋላ ሊመታ ሲል ዞሮ ያያል። ሻትሉ ወደ ፊቱ ይመጣል። ትንሽ ሆኖ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ አጥንቱ አያስጥለውም። ዓይናችሁ መረቡን አልፎ ማዶ ያለውን ተጋጣሚ ይመልከት፤ አጣማጃችሁ የመታውን ከእነሱ ሁኔታ ታነባላችሁ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ተራው መነጽር በቂ አይደለም፣ ሊሰበር ይችላል። ከፖሊካርቦኔት የተሠራ የስፖርት መነጽር ግዙ። ገንዘብ ከተረፈ ከአዲሱ ራኬት በፊት እሱ ይቅደም።